‹ይበላል› ሲላላና ሲጠብቅ፦ የኤድዋርድ ቶርፕ የኔቫዳ ጉዞ እና የመደብ ልክ

አማርኛ ለቁማር የሰጠው ግስ አንድ ነው፤ መብላት። ያሸነፈ ይበላል፣ የተሸነፈም ይበላል። በጽሑፍ ሁለቱ አይለዩም፤ የሚለዩት አንባቢው አላልቶ ወይም አጥብቆ ሲያነባቸው ብቻ ነው። ብላክጃክ በሚባለው የካርታ ጨዋታ (ከሃያ አንድ ሳያልፉ ከአከፋፋዩ ይልቅ ወደ ሃያ አንድ የመቅረብ ጨዋታ ነው) ካርታ የሚቆጥር፣ ማለትም የወጡትን ካርታዎች የሚከታተል ሰውም የሚፈልገው ይህንኑ ነው፤ ቀጣዩ ዙር ላልቶ ይነበብ ወይስ ጠብቆ። ቆጠራው ይህን ይነግረዋል። ስንት ብር ጠረጴዛው ላይ ይመድብ የሚለውን ግን አይነግረውም፤ ቆጠራን አጣርተው የሚያውቁ ብዙ ሰዎች ባዶ ኪሳቸውን የሚወጡትም በዚህ ምክንያት ነው።

ጉዳዩን በደንብ የሚያሳየው የኤድዋርድ ቶርፕ ጉዞ ነው። በ1961 የፀደይ ወራት (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ቶርፕ የ28 ዓመት ወጣት ነበር፤ ቦስተን አጠገብ በሚገኘው ኤም.አይ.ቲ ሂሳብ ያስተምራል። በትምህርት ዕረፍቱ ሁለት ባለገንዘቦች አስከትሎ የቁማር ቤቶች ወዳሉባት ወደ ኔቫዳ ወረደ። ይዘውት የሄዱት 10,000 ዶላር ሲመለሱ 21,000 ሆኖ ነበር። ታሪኩ ሲተረክ የሚጎላው የኮምፒውተሩና የቆጠራው ነገር ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ ይህ ሰው እያንዳንዱን መደብ በምን ሚዛን ይመዝን ነበር? ሚዛኑ አንድ ሌሊት ላይ ሲዛነፍስ ምን ሆነ?

መነሻውን ፈጠን ብዬ ልለፈው። በ1956 አራት የአሜሪካ ጦር ሠራዊት የሂሳብ ሰዎች፣ ባልድዊን፣ ካንቴይ፣ ማይዝልና ማክደርሞት፣ በጠረጴዛ የሂሳብ መኪና እየደመሩና እየቀነሱ ለብላክጃክ የተሻለውን አጨዋወት ወስነው አሳተሙ። እጅህ ይህን ያህል ነጥብ ቢኖረው፣ የአከፋፋዩ የተገለጠ ካርታ ይህ ቢሆን፣ ጨምር ወይም ቁም የሚል ሰንጠረዥ ነው። ቶርፕ ሰንጠረዡን በአንዲት ካርድ ላይ ገልብጦ በ1958 የገና ሰሞን ከባለቤቱ ጋር ላስ ቬጋስ ሲሄድ አሥር የብር ዶላር ይዞ ተቀመጠ። ስምንት ተኩሉን ተበላ። ከአሥር ዶላር በላይ አለማውጣቱን ልብ በሉልኝ፤ የሰውየው ጠባይ ከዚያው ጀምሮ ይታያል።

ከዚያ በኋላ ጥያቄውን ለወጠው። አራቱ ሰዎች ያሰሉት አንድ ሙሉ እሽግ ካርታ እንዳለ አድርገው ነበር። ነገር ግን ከአንድ ዙር ወደ ሌላው ካርታዎች ይወጣሉ፤ የወጣው ተመልሶ እስኪበወዝ ድረስ አይገባም። ስለዚህ የጎደለው ካርታ ዓይነት የጨዋታውን ሚዛን ሊያዘነብለው ይገባል። ቶርፕ በኤም.አይ.ቲ የነበረውን አይ.ቢ.ኤም 704 ኮምፒውተር ተጠቅሞ፣ አንድ ዓይነት ካርታ በሙሉ ቢጎድል ምን ይሆናል ብሎ አሰላ። አራቱ አምስቶች በሙሉ ሲወጡ ተጫዋቹ በቤቱ፣ ማለትም በቁማር ቤቱ ላይ ከ3 በመቶ በላይ ብልጫ አገኘ። አሥር ዋጋ ያላቸው ካርታዎች፣ ማለትም አሥሮቹና ሥዕል ያለባቸው አሥራ ሁለቱ፣ ብዛታቸው 16 ስለሆነ ከአምስቶቹ ይልቅ ሚዛኑን ብዙ ጊዜ ያነቃንቁታል። በቀሪው ክምር ውስጥ አሥሮች ሲበዙ ተጫዋቹ ይጠቀማል፤ ሃያ አንድን በሁለት ካርታ ብቻ የመሙላቱ ዕድል ይጨምራል፣ ይህ ደግሞ ለእርሱ የሚከፈለው አንድ ተኩል እጥፍ ነው፤ አከፋፋዩ ግን እስከ 16 ድረስ ካርታ የመጨመር ግዴታ ስላለበት ከ21 አልፎ ይወድቃል።

እዚህ ላይ የቆጠራው ሥራ አለቀ። አሁን ቶርፕ ከእጁ የገባው መረጃ ‹ቀጣዩ ዙር ለእኔ 2 በመቶ ያዘነብላል› የሚል ነው። ይህ ምን ማለት ነው? በእያንዳንዱ መቶ ዶላር መደብ በአማካይ ሁለት ዶላር ማግኘት ማለት ነው፤ በአማካይ! በዚያው ዙር ግን መቶውን ሙሉ ከመብላትና ሙሉ ከመበላት ውጭ መካከለኛ ነገር እምብዛም የለም። እንዲህ ባለ ቀጭን ብልጫ ላይ ያለውን ሁሉ የሚመድብ ሰው ከመቶ አርባ ዘጠኝ ጊዜ ያህል በመጀመሪያው ዙር ባዶ እጁን ይሄዳል። አንድ አንድ ዶላር የሚመድብ ደግሞ አይከስርም፤ ነገር ግን የቀን ሠራተኛ ደመወዝ ያህል እንኳ ሳያገኝ ወገቡ ይጎብጣል። መካከሉ የት ነው?

መልሱን ያመለከተው ክላውድ ሻነን ነበር። የመረጃ ንድፈ ሐሳብ አባት የሚባለው ይህ ሰው ያኔ ኤም.አይ.ቲ ውስጥ ነበር። ቶርፕ ግኝቱን በብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ መጽሔት ለማሳተም የአካዳሚው አባል የሆነ አቅራቢ ስላስፈለገው ወደ እርሱ ሄደ። ሻነን ርዕሱን አለዘበው፤ ‹አሸናፊ ስልት› የሚለውን ‹አዋጭ ስልት› አደረገው፣ ጨዋታውንም ብላክጃክ ከማለት ሃያ አንድ አለው፤ ለአካዳሚ ጆሮ እንዲመጥን ይመስለኛል። ከዚያም የቤል ቤተ ሙከራ ባልደረባ የነበረው ጆን ኬሊ በ1956 ያሳተመውን ጽሑፍ ጠቆመው።

የኬሊ ጽሑፍ ስለ ስልክ መስመር ነው። የፈረስ ውድድር ውጤት ከሌሎች ቀድሞ በመስመር የሚደርሰው አንድ ቆማሪ አለ እንበል፤ መስመሩ ግን ጫጫታ አለበት፣ አንዳንዴ ውሸት ያደርሳል። ይህ ሰው ወሬው እንደ ደረሰው ካፒታሉን በሙሉ ቢመድብ አንድ ቀን ጫጫታው ጉድ ይሠራዋል። ኬሊ ያሳየው፣ ገንዘቡ በረጅም ጊዜ በፍጥነት የሚያድግለት በእያንዳንዱ ጊዜ ከያዘው ላይ የተወሰነ ድርሻ ብቻ ሲመድብ እንደሆነ ነው። ድርሻው የሚወሰነው በብልጫው ነው። አንድ ለአንድ በሚከፍል ውርርድ ድርሻውና ብልጫው እኩል ናቸው፤ 51 ጊዜ የሚበላና 49 ጊዜ የሚበላ (አንዱን አላሉት፣ ሌላውን አጥብቁት) ሰው ብልጫው 2 በመቶ ስለሆነ ከ10,000 ዶላር ላይ 200 ይመድባል። ከተሸነፈ 9,800 ይቀረዋል፣ ቀጣዩ መደብ 196 ይሆናል። ካሸነፈ 10,200 ይኖረዋል፣ መደቡም ወደ 204 ያድጋል። ሲጎድል ይሰበሰባል፣ ሲሞላ ይዘረጋል።

ከዚህ ውስጥ አብዛኛው ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ። ከልኩ በታች መመደብ ዕድገቱን ያዘገየዋል እንጂ አይገድለውም፤ የልኩን ግማሽ የሚመድብ ሰው ከከፍተኛው የዕድገት ፍጥነት ሦስት አራተኛውን ያገኛል። ከልኩ በላይ መመደብ ግን ሌላ ነው። በልኩ እጥፍ የሚመድብ ሰው፣ ብልጫው እውነተኛ ሆኖ ሳለ፣ በረጅሙ ሲታይ ገንዘቡ ምንም አያድግም። ከእጥፍ ካለፈ ይመነምናል። ጨዋታው ለእርሱ አዘንብሎ፣ ቆጠራው ትክክል ሆኖ፣ በመደቡ ብዛት ብቻ ይከስራል ማለት ነው። ይህ ለብዙ ሰው የማይዋጥ ነው፤ ምክንያቱም በተለምዶ ‹ካወቅህ ለምን አትጨምርም?› ነው የሚባለው። ነገሩ የሚገባው ግን በቀላል ስሌት ነው፦ ግማሹን ያጣ ሰው ወደ ነበረበት ለመመለስ 50 በመቶ ሳይሆን 100 በመቶ ማትረፍ አለበት።

ቶርፕ ጥር 1961 ዋሽንግተን ላይ ለአሜሪካ የሂሳብ ማኅበር ግኝቱን ሲያቀርብ ጋዜጦች አገር አዳረሱት፤ ገንዘብ እናቀርብልህ የሚሉ ደብዳቤዎችም ጎረፉ። ከጻፉት አንዱ ኢማኑኤል ኪመል ነበር፤ በኒው ጀርሲና በኒው ዮርክ ውርርድ ሲያካሂድ የኖረ አዛውንት። ከጓደኛው ከኤዲ ሃንድ ጋር ሆኖ 100,000 ዶላር ሊያቀርብ ፈቀደ። ለአንድ ወጣት አስተማሪ የሕልም እንጀራ ነው። ቶርፕ ግን በ10,000 ይበቃል አለ።

ይህ ውሳኔ እንደ ዓይን አፋርነት ሊታይ ይችላል፤ እኔ ግን የጉዞው ሁሉ ምርጥ ስሌት ይመስለኛል። በጊዜው በብዙ የኔቫዳ ቤቶች በአንድ ዙር የሚፈቀደው ከፍተኛ መደብ 500 ዶላር ነበር። ከ10,000 ላይ 500 ማለት 5 በመቶ ነው። ይህም ቆጠራው ሊያገኘው ከሚችለው ደህና ብልጫ ጋር ይገጥማል፤ 1 በመቶ ብልጫ ሲኖር መቶ ዶላር፣ 2 በመቶ ሲኖር ሁለት መቶ፣ 5 በመቶ ሲደርስ አምስት መቶ፣ ከዚያ በላይ ቤቱ ራሱ ይከለክላል። በ100,000 ካፒታል የኬሊ ድርሻ በ1 በመቶ ብልጫ አንድ ሺህ ዶላር ይሆን ነበር፤ ቤቱ አይቀበለውም። ዘጠና ሺው የሚያገለግለው ከረጢት ለማክበድ ብቻ ነበር። አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፦ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ ይህ ሰው እውነተኛ ገንዘብ ይዞ፣ ሰው እየተጋፋው፣ ጭስ ውስጥ ተቀምጦ በዚያ ፍጥነት ቆጥሮ አያውቅም። ስልቱ ትክክል መሆኑን ኮምፒውተሩ አረጋግጦለታል፤ ሰውየው ትክክል መሆኑን ግን ማንም አላረጋገጠም።

ስለዚህ የኔቫዳ ከተማ ወደሆነችው ሪኖ ሲደርሱ ከ1 እስከ 10 ዶላር እየመደበ ጀመረ። ኪመል ተቁነጠነጠ። መቶ ሺህ ዶላር ለማፍሰስ የተዘጋጀ ሰው የአንድ ዶላር መደብ ሲያይ ምን እንደሚሰማው መገመት ቀላል ነው። ቶርፕ ግን እጁና ልቡ እስኪለምዱ አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ በደረጃ ወጣ፤ ከ2 እስከ 20፣ ከ5 እስከ 50፣ እንዲህ እንዲህ እያለ እስከ 50 እና 500 ድረስ። በየደረጃው የታችኛውና የላይኛው መደብ ንጽጽር አንድ ለአሥር ሆኖ መቆየቱን አስተውሉ። የተለወጠው የገንዘቡ መጠን እንጂ የአመዳደቡ ቅርጽ አይደለም፤ ስለዚህ በአንድ ዶላር የለመደው ነገር በሃምሳ ዶላርም ያው ነው። እኔ አንድን ሰው ይህን ሥራ አስተምር ብባል የምጀምረው ከዚህ ነበር።

አንድ እሽግ ይዘን በዚያ ጠረጴዛ ላይ የሚደረገውን እንከተል። ሲጀመር 52 ካርታ አለ፤ 16ቱ አሥሮች፣ 36ቱ ሌሎች። የሌሎቹን ብዛት ለአሥሮቹ ስናካፍል 2.25 ይመጣል። በዚህ ጊዜ ተጫዋቹና ቤቱ እኩል ናቸው ማለት ይቻላል፤ ቶርፕ ዝቅተኛውን 50 ዶላር ይመድባል። ከዚያ 16 ካርታ ወጣ፤ ከእነርሱ አሥር ዋጋ ያላቸው ሦስት ብቻ ናቸው እንበል። የቀሩት 13 አሥሮችና 23 ሌሎች ናቸው፤ ንጽጽሩ ወደ 1.77 ወረደ። ይህ ወደ 2 በመቶ የሚጠጋ ብልጫ ነው፤ መደቡ 200 ዶላር። ቀጥሎ አራት ካርታ ወጣ፣ አራቱም ትናንሾች። አሁን 13 ለ19 ነው፤ 1.46፤ ብልጫው ወደ 4 በመቶ ያድጋል፣ መደቡም 400 ዶላር ይደርሳል። በተቃራኒው ከመጀመሪያዎቹ 16 ካርታዎች ስምንቱ አሥሮች ቢሆኑ ኖሮ 8 ለ28፣ ማለትም 3.5 ይቀር ነበር፤ ጨዋታው ለቤቱ ክፉኛ ያዘነበለ ነው። ኬሊ እዚህ ላይ ‹ምንም አትመድብ› ይላል። ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው ግን ያለመመደብ መብቱ ጠባብ ነው፤ ስለዚህ 50 ዶላር ያስቀምጣል። እኔ ይህን የወንበር ኪራይ እለዋለሁ። ቤቱ 2 በመቶ ብልጫ ባለው ጊዜ የሃምሳ ዶላር መደብ በአማካይ አንድ ዶላር ያስከፍላል፤ ለተጫዋቹ 4 በመቶ ያዘነበለ የ400 ዶላር መደብ ደግሞ በአማካይ 16 ዶላር ያስገባል። የቆጣሪው ኑሮ በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ነው። ሁልጊዜ እኩል የሚመድብ ሰው የቱንም ያህል ቢቆጥር ይህን ልዩነት አያገኘውም።

እግረ መንገዴን፦ ብላክጃክ አንድ ለአንድ ብቻ የሚከፍል ጨዋታ አይደለም። መደብ የሚታጠፍበት፣ እጅ ለሁለት የሚከፈልበት፣ አንድ ተኩል የሚከፈልበት ጊዜ አለ፤ ስለዚህ ውጤቱ ከሳንቲም ውርወራ ይልቅ በሰፊው ይዋዥቃል። በትክክል ሲሰላ የኬሊ ድርሻ ከብልጫው ሦስት አራተኛ አካባቢ ነው። በ2 በመቶ ብልጫ ከ10,000 ላይ 200 ሳይሆን ወደ 150 የሚጠጋ ማለት ነው። በሌላ አነጋገር ከላይ ያስቀመጥኩት፣ ለእያንዳንዱ 1 በመቶ ብልጫ መቶ ዶላር የሚለው ልክ ጥቂት ወደ ድፍረት ያጋደለ ነው።

መደብን እንዲህ ማንሳትና ማውረድ ሌላ ጠላት ይጠራል። የቁማር ቤት ተቆጣጣሪ ካርታ መቁጠር አያስፈልገውም፤ ገንዘቡን ማየት ይበቃዋል። ከ50 ወደ 400 የዘለለ፣ ከዚያ ካርታው ሲበወዝ ወዲያው ወደ 50 የተመለሰ ሰው፣ ምን እንደሚያውቅ በራሱ እጅ ይናገራል። ሪኖ ውስጥ በአንድ ስመ ጥር ቤት ይህ ደረሰባቸው። አከፋፋዩ ክምሩ ገና ሳይጋመስ መበወዝ ጀመረ፤ ቆይቶም በጥቂት ዙር በጥቂት ዙር ይበውዝ ነበር። ሁልጊዜ አዲስ እሽግ ማለት ሁልጊዜ 2.25 ማለት ነው፤ ብልጫ የሚወለድበት የክምሩ መጨረሻ ጨርሶ አይመጣም። ያኔ ትክክለኛው መደብ ዜሮ ነው፤ ተነስተው ሄዱ።

ወደ ታሆ ሐይቅ። በሐይቁ ደቡብ በኩል ባለ አንድ ቤት ቶርፕና ኪመል ጎን ለጎን ተቀመጡ። ክምሩ ደግ ሆነላቸው። የጠረጴዛው ገንዘብ መያዣ ባዶ ቀረ፤ ተሞላ፤ እንደገና ባዶ ቀረ። ትርፋቸው 17,000 ዶላር ደረሰ። ቶርፕ ደክሞታል፤ ካርታዎቹን በፍጥነታቸው ልክ መከተል አልቻለም። እንውጣ አለ። ኪመል አሻፈረኝ አለ። አግባብቶ፣ ጎትቶ እስኪያስወጣው ድረስ አርባ አምስት ደቂቃ ፈጀ፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ከ17,000 ዶላሩ 11,000ው ተመልሶ ወደ ቤቱ ገባ።

እዚህ ላይ ብዙ ተራኪዎች ‹ስግብግብነት› ብለው ያልፋሉ። ቃሉ ስህተት ባይሆንም አይበቃም። የመደቡን ስሌት ይዘን ስናየው በእነዚያ ደቂቃዎች የተበላሹት ነገሮች ቢያንስ ሁለት ናቸው።

አንደኛው፣ የ500 ዶላር መደብ ልክ የሚሆነው 5 በመቶ ብልጫ እንዳለ በሚታወቅበት ጊዜ ብቻ ነው። ቆጠራው ሲጠፋ ብልጫው ዜሮ ወይም ከዜሮ በታች ይሆናል፤ የዚያ ልክ ደግሞ ዜሮ ነው። ስለዚህ የደከመ ቆጣሪ በትልቅ መደብ ሲቀጥል ጥቂት አልሳተም፤ ከልኩ እጥፍ ሳይሆን ልክ ከሌለው በላይ ነው የመደበው። የኬሊን የስልክ መስመር አስታውሱ፤ ጫጫታው ሲበዛ መደቡ መቀነስ አለበት። ድካም ጫጫታ ነው። ቶርፕ ይህን አውቆ ልነሳ ማለቱ እንደ ማንኛውም ዙር የመደብ ውሳኔ ነበር፤ መደቡን ወደ ዜሮ የማውረድ ውሳኔ።

ሁለተኛው ሁለት ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ከአንድ ከረጢት ሲመድቡ ያለው ነገር ነው። ሁለቱም የሚጫወቱት በአንዱ አከፋፋይ እጅ ላይ ነው። አከፋፋዩ ሃያ ሲይዝ ሁለቱም ይጎዳሉ፣ ሲወድቅ ሁለቱም ይደሰታሉ። ውጤታቸው ስለሚያያዝ ሁለት የ400 ዶላር መደብ ሁለት ነጻ ውርርድ አይደለም፤ ወደ አንድ የ800 ዶላር መደብ ያጋደለ ነው። ልኩን ለመጠበቅ እያንዳንዱ ብቻውን ቢሆን ከሚመድበው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ማስቀመጥ አለበት። ሁለት ሰዎች ሙሉ በሙሉ ሲመድቡ ትርፉም ኪሳራውም ከታሰበው በላይ ይገሰግሳል። 11,000 ዶላር በአርባ አምስት ደቂቃ እንዴት ይጠፋል ለሚል፣ አንዱ መንገድ ይህ ነው። በ500 ዶላር ጣሪያ ስሌቱን ሥሩት፤ ሃያ ሁለት የተጣራ ሽንፈት ይበቃል።

ያም ሆኖ ጉዞው ሲዘጋ 21,000 ዶላር ተቆጠረ። የሁለቱ የጨዋታ ሰዓት ሲደመር 30 ያህል ነበር፤ ቶርፕ እንደጻፈው ከመነሻው 10,000 ላይ ከ1,300 ዶላር በላይ የጎደለበት ጊዜ አልነበረም። ይህች የመጨረሻዋ ቁጥር ከትርፉ ይልቅ ታስደንቀኛለች፤ ታጠራጥረኛለችም። በሙሉ የኬሊ ልክ የሚመድብ ሰው አንድ ቀን ገንዘቡ ወደ ግማሽ የመውረዱ ዕድል ግማሽ ነው። ስሌቱ በትክክል እየሠራ፣ ከሁለት ሰዎች አንዱ 10,000ው 5,000 ሲሆን ያያል ማለት ነው። በግማሽ ልክ የሚመድበው ግን ይህ የሚደርስበት ከስምንት አንድ ጊዜ ነው። ቶርፕ 1,300 ብቻ ጎድሎበት መመለሱ ጥቂቱ ከደረጃ በደረጃ አካሄዱ፣ ቀሪው ከዕድል የመጣ ይመስለኛል።

እስቲ ጨክነን እንደምረው። በሰዓት መቶ ዙር ያህል ብንገምት በ30 ሰዓት 3,000 ዙር ነው። አማካይ መደቡን 125 ዶላር፣ በመደቡ ላይ ያለውን አማካይ ብልጫ 2 በመቶ ብናደርግ የሚጠበቀው ትርፍ 7,500 ዶላር አካባቢ ይሆናል። መደቡ ከፍና ዝቅ ስለሚል የውጤቱ መዋዠቅ ግን ከ10,000 ዶላር በላይ ይደርሳል። ግምቶቹ የእኔ ናቸው፣ ሌላ ሰው ሌላ ይገምት፤ ነገር ግን በየትኛውም ብንሄድ መዋዠቁ ከትርፉ ይሰፋል። እንደዚህ ዓይነት ጉዞ አሥር ጊዜ ቢደረግ ሁለት ሦስቱ በኪሳራ ይመለሱ ነበር፣ በዚያው ቆጠራና በዚያው መደብ። ስለዚህ 21,000 ዶላሩ ስልቱን አላረጋገጠም፤ ያረጋገጠው ከጉዞው በፊት የተሠራው ስሌት ነው። የመደብ ልክ ጥቅሙም እዚህ ላይ ነው፦ ከአሥሩ ከሚከስሩት ሁለት ሦስቱ አንዱ ሆኖ የተገኘ ሰው እንኳ ለሚቀጥለው ጉዞ ገንዘብ ይተርፈዋል።

ቶርፕ መጽሐፉን በ1962 ካሳተመ በኋላ ቤቶቹ አልተኙም። በ1964 የላስ ቬጋስ ካዚኖዎች ደንቡን አጠበቁ፤ ደንበኛ ሲሸሻቸው በሳምንታት ውስጥ መልሰው አላሉት። ከዚያ የዘለቀው መድኃኒት እሽጉን ማብዛት ሆነ፤ አራት፣ ስድስት፣ ስምንት እሽግ በአንድ ላይ። በስድስት እሽግ ውስጥ የአራት አምስቶች መውጣት ሚዛኑን እንደ አንዱ እሽግ አያነቃንቀውም፤ ብልጫው ከብዙ ጥበቃ በኋላ ይመጣል፣ ሲመጣም ቀጭን ነው። የወንበር ኪራዩ በዛ። ኪራዩን ለማካካስ በታችኛውና በላይኛው መደብ መካከል ያለው ርቀት መስፋት አለበት፤ ርቀቱ ሲሰፋ ደግሞ ተቆጣጣሪው ቶሎ ያያል።

ይህን ቋጠሮ የፈታው በ1970ዎቹ መጀመሪያ አል ፍራንቼስኮ የሚባል ተጫዋች ነበር። ቆጠራውንና መደቡን ለሁለት ሰው ከፈላቸው። ቆጣሪዎቹ በየጠረጴዛው ተበትነው ሰዓታት ሙሉ ያችኑ ትንሿን መደብ ያስቀምጣሉ፤ ከፍም ዝቅም አይሏትም፣ ተቆጣጣሪውም ዞር ብሎ አያያቸውም። ክምሩ ሲያዘነብል በምልክት ይጠራሉ። ያኔ ትልቁ መዳቢ ከሌላ ጥግ ተነስቶ መጠጡን እንደያዘ ይጠጋና ከፍተኛውን ይመድባል፤ ሚዛኑ ሲመለስ ይሄዳል። ከዝቅ ወደ ከፍ ሲል ያየው የለም፤ ዝቅ ብሎ አያውቅምና።